«ጋቢና ለእናት፣ ሸራ ለወንድ»፦ ከናዝሬት መውጫ መኪና እየለመንን ያደግን ስንት ነን?

የፍራንኮ ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ናችሁ የመድረኩ ሰዎች። ዛሬ ከሰዓት ከወለንጪቲ ስመለስ አንዲት እናት አስፋልት ዳር ቆመው መዳፋቸውን ወደ መሬት እያወዛወዙ መኪና ሲለምኑ አየሁ። አጠገባቸው አፉ በገመድ የታሰረ ማዳበሪያ አለ፣ ማዳበሪያው ላይ አንድ ልጅ ተቀምጧል። አላቆምኩም። ስልክ ላይ ነበርኩ ብዬ ራሴን ላታልል እችላለሁ፤ እውነቱ ግን አይቻቸዋለሁ፣ የኋላ ወንበሬም ባዶ ነበር። ትንሽ እንደሄድኩ አላስችል ብሎኝ ዞሬ ተመለስኩ፤ የሉም። ሌላ ሰው አንስቷቸው ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ተስፋ ቆርጠው በእግራቸው ገብተው ይሆናል።

ነገሩ ያንገበገበኝ እኔም እንደዚያ ልጅ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጬ መኪና እየጠበቅኩ ያደግኩ ስለሆንኩ ነው።

አባታችን ወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር። እናታችን ፍራንኮ አካባቢ በተከራየናት አንድ ክፍል ቤት ሆና ልብስ ታጥባለች። ግቢው ውስጥ በተወጠረው ገመድ ላይ የሚሰጣው የወንድ ሸሚዝና ቱታ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ፤ ታጥቦ ደርቆም ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። አያቴ የምትኖረው አሰበ ተፈሪ ነው፣ የዛሬዋ ጭሮ። ከዚህ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለፋሲካና ክረምት ትምህርት ሲዘጋ፣ እናቴ አራታችንን ሰብስባ ትወስደናለች። ከ1977 እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ አንድም ቀን የአውቶቡስ ትኬት ቆርጠን መሄዳችንን አላስታውስም።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ትቀሰቅሰናለች። ናዝሬት ያደሩት የአሰብ ወደብ የጭነት መኪኖች ሞተር የሚያሞቁበት ሰዓት ነው። የኤንትሬ ፊያት ድምፅ እቤታችን ድረስ ይሰማል፤ እናቴ ጨለማው ውስጥ ጆሮዋን አቁማ «ይሄ ሊወጣ ነው፣ ያኛው ገና ነው» ትላለች። ወደ ወለንጪቲ መውጫ ሄደን እንቆማለን። ልጆች ከፊት፣ ዕቃ ከኋላ። ዕቃው ቀድሞ ከታየ ሹፌሩ ነጋዴ ናት ብሎ ያልፋል፤ ኬላ ላይ ከፊናንስ ፖሊስ ጋር መጣላት አይፈልግም። መኪናው ሲቆም እናቴ «ወዴት ነህ?» ነው የምትለው እንጂ «ውሰደን» አትልም። አዋሽ ሰባት ላይ መንገዱ ይከፈላላ! ግራው በገዋኔ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ ይወርዳል፤ ቀኙ በሚኤሶ ወደ እኛ ይወጣል። የአሰቡ መኪና አዋሽ ጥሎን ይሄዳል፣ ከዚያ ሌላ መለመን ነው። አንዳንዴ እዚያው አንዲት ሻይ ሻጭ በረንዳ ላይ አድረን እናውቃለን።

ወደ አሰብ የሚወርደው አብዛኛው ባዶውን ነበር። ባዶ ተሳቢ ላይ የተቀመጠ ያውቀዋል፣ ጥርስ ከጥርስ ነው የሚያጋጨው። ቡና የጫነ ከተገኘ ግን ሠርግ ነው፤ ኬሻው ላይ ተጋድመህ ሰማይ እያየህ ትሄዳለህ። እናቴና ሁለቱ ትንንሾች ጋቢና፣ እኔና ወንድሜ ከረዳቱ ጋር ከላይ። ጋቢና ለእናት፣ ሸራ ለወንድ ነው ሕጉ። የስምንት ዓመት ልጅም ወንድ ነው። የፈንታሌን ተራራ፣ በሰቃ ሐይቅ ዙሪያ ያለውን ጥቁር ድንጋይ፣ አዋሽ ፓርክ ውስጥ ቀንዱን ቀስሮ የሚቆመውን ሳላ ያወቅኩት ከዚያ ላይ ሆኜ ነው።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ደግሞ አለ። እናቴ የራሷ ታኮ ነበራት። አዎ፣ የመኪና ታኮ! አናጢ ያስጠረበችው የወይራ እንጨት፣ ሁልጊዜ ማዳበሪያው ውስጥ ከቆሎው ጋር ይገባል። ከሚኤሶ ወዲያ ዳገቱ ሲጀምር መኪናው ካቃሰተ ረዳቱን ለማገዝ ነው ብዬ አስብ ነበር። ትልቅ ስሆን ሁለት ሦስት ጊዜ እኔው ዘልዬ ጎማው ሥር አድርጌያለሁ።

ይሄ ሁሉ በነፃ ነበር። አንድ ሹፌር «ሒሳብ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ እኔ ባለ አምስት ወንበር መኪና ይዤ ብቻዬን አለፍኩ። የዚያን ጊዜው ደግነት የት ገባ? የእናንተንም ጻፉ።

ቢኒ አባዱላ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:58

ጋሼ ከልቤ ነው የምጠይቀው፣ እንዳይቆጡ። ለምን ሚኒባስ አልያዛችሁም?

የአሰላ በር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:15

ቢኒዬ፣ ሚኒባስ የለማ! አሁን አንተ መናኸሪያ ገብተህ «አዲሳባ አንድ ሰው የቀረው» ሲሉህ ትዝ የሚልህ ዕድሜ ላይ ነህ። ያኔ ረጅም መንገድ የሚሄደው አውቶቡስ ገና ሳይነጋ ይወጣል፣ ካመለጠህ ለነገ ነው። ትኬቱ በዋዜማው ተሰልፈህ ነው። አምስት ሆነህ ስትሄድ ሒሳቡ የወር አስቤዛ ነው። በዚያ ላይ በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ወረቀት ሳትይዝ ኬላ መድረስ ራሱ ጭንቅ ነበር።

እኛ በአሰላ መንገድ ነን። አባቴ ኢተያ ገበያ ደርሶ የሚመለሰው በእህል መኪና ነበር። የስንዴ ኬሻ ላይ ተቀምጦ ዴራ ሲደርስ ብርዱ ይለቀዋል፣ ናዝሬት ሲገባ ሙቀቱ ካፖርቱን ያስወልቀዋል። «ልብሴን ለብሼ እወጣለሁ፣ ልብሴን ይዤ እገባለሁ» ይል ነበር ነፍሱን ይማረውና።

ጡረተኛው ኤንትሬ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:30

ልጆች፣ እኔ ከዚያኛው ወገን ነኝ፤ ከመሪው በኩል። በ1969 ዓ.ም. ረዳት ሆኜ ገባሁ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፣ ከዚያ አሰብ ሳልል ያደርኩበት ሳምንት አልነበረም። በ1990 ጦርነቱ መጥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ፊታችንን ወደ ጅቡቲ አዞርን፣ በገላፊ በኩል። ያው ሚሌ ድረስ የምናውቀው መንገድ ነው። አሁን ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ አዳማ ቤቴ ተቀምጫለሁ።

የፍራንኮ ልጅ፣ የጻፍከው እውነት ነው፤ ልጆች ከፊት ዕቃ ከኋላ የሚለውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። እናትህ ብልህ ሴት ናቸው። ግን «በነፃ» የምትለዋን ቃል ትንሽ እናስተካክላት።

ከላይ የሚወጣ ወንድ ይከፍላል። ከአውቶቡስ ያነሰ፣ ግን ይከፍላል። ገንዘቡ ለእኔ አይደለም፣ ለረዳቱ ነው። ረዳት ያኔ ደመወዙ ምን አላት? የሚበላው፣ የሚለብሰው ከሸራው ላይ ነው። ባለንብረቱ «ሰው እንዳትጭኑ» ይለናል፣ እሱም እንደምንጭን ያውቃል፣ እኛም እንደሚያውቅ እናውቃለን። ልጆችን ረዳቱ ካላስከፈላችሁ ወይ ደግ ልጅ ነበር፣ ወይ እናታችሁ ከሥር ጨርሳለች።

ጋቢና ሌላ ነው። ጋቢና አይሸጥም፣ ይመረጣል። ልጅ የታቀፈች ሴት ጋቢና ካለች ኬላ ላይ ያለው ሰው ፊቱ ይፈታል፣ «ቤተሰብ ናቸው?» ይላል፣ አዎ ትላለህ፣ ታልፋለህ። ሽማግሌ ካለ ጨዋታ አለ። በዚያ ሙቀት፣ የኤንትሬ ሞተር እዚያው ጉልበትህ ሥር እየነደደ፣ ከመተሐራ በኋላ እንቅልፍ ሲመጣ የሚያድንህ ጨዋታ ነው። ጋቢና ገብቶ የሚተኛ ተሳፋሪ እንደ ጠላት ነው የምናየው፤ ሹፌሩንም ይዞ ይተኛል። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት ከገዋኔ እስከ ናዝሬት የመንደራቸውን ሰው ሁሉ ሐሜት አንድ ሳያስቀሩ ነገሩኝ። ያንን ሌሊት ያተረፉኝ እሳቸው ናቸው።

አደራም ነበር። ስልክ በየቤቱ የለም፣ ባንክም እንዲሁ። ናዝሬት ያለ ልጅ ሚሌ ላለ አባቱ ገንዘብ በእኔ ይልካል። ቅቤ፣ መድኃኒት፣ የሞተ ሰው መርዶ ሳይቀር ተሸክሜያለሁ። መርዶ ይዞ መንዳት የጫነ መኪና ያለ ፍሬን ከመንዳት ይከብዳል፣ እመኑኝ። እና ያ አደራ የተቀበለህ ሰው በሌላ ቀን መንገድ ዳር ቆሞ ቢያይህ፣ ልታልፈው ነው? አታልፈውም። ደግነት ነው ካልከኝ ደግነት ነው፤ እኔ ግን መተዋወቅ ነው የምለው።

በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅና አፈሳው ሲከፋ ደግሞ ሌላ ተሳፋሪ መጣ። እናቶች ልጃቸውን በሌሊት ይዘው ይመጡና እግር ይስማሉ። በሸራ ሸፍነን ያሳለፍናቸው አሉ። የተያዙብንም አሉ። ስለዚህ ሌላ ቀን።

ከላይ ሰው መጫን ለምን እንዳቆምኩ ልንገርህና ልተኛ። ዓመተ ምሕረቱን አልጽፍም፣ ቤተሰብ አለ። ከመተሐራ ወዲህ የፊት ጎማ ፈነዳ። መኪናውን ያዝኩት፣ አልተገለበጠም። ወርጄ ሳይ ከላይ ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ናቸው የቀሩት። ስድስተኛው ከኋላችን አስፋልቱ ላይ ነበር። ስሙን አላውቀውም ነበር፤ ኪሱ ውስጥ ለልጁ የገዛው ላጲስና እርሳስ ብቻ ተገኘ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ከላይ» የሚባል ቦታ ለእኔ የለም። ጋቢና ግን እስከ መጨረሻው ሰው አላጣም።

የአሰላ በር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:41

እግዚአብሔር ያጽናዎት ጋሼ።

ሰኞ ጠዋት
እሑድ፣ ከጠዋቱ 1:10

ሌሊቱን ሳነበው አደርኩ። የወንዶቹ ትዝታ ከሸራ ላይ ስለሆነ ሰፊ ነው፣ ፈንታሌ አለ፣ ሳላ አለ። የእኛ ከጋቢና ውስጥ ስለሆነ ጠባብ ነው።

ያደግኩት ወለንጪቲ አጠገብ ገጠር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ናዝሬት ሦስት ልጆች ሆነን አንድ ክፍል ተከራየን። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤት፣ ሰኞ ጠዋት በጀርባችን ስንቅ ይዘን ወደ ናዝሬት። በእግር ቢኬድ ትምህርት ያልቃል፤ ስለዚህ መኪና ነው። በዚያ መስመር ናዝሬት የሚገባ መኪና ሁሉ እኛ ጋ ያልፋል፣ ችግሩ የሚቆመው የትኛው ነው የሚለው ነው።

እናቴ የሰጠችኝን ትዕዛዝ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። ብቻሽን አትሳፈሪ። ሹፌሩ አጠገብ አትቀመጪ፤ ረዳቱን መሃል አድርጊው፣ አንቺ በር ያዢ። ከመግባትሽ በፊት የታርጋውን ቁጥር በእስክሪብቶ መዳፍሽ ላይ ጻፊ፣ ስትጽፊም ይይሽ። ማታ ከሆነ እደሪ እንጂ አትሂጂ። ሻይ ልጋብዝሽ ቢልሽ ጠግቤያለሁ በይ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥሩ መጻፉን የምታረጋግጠው ዓርብ ስመለስ መዳፌን አይታ ነው። ካልታጠበ ደስ ይላታል።

አብዛኞቹ ሹፌሮች እንደ አባት ነበሩ፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ እግዜርም አይወደው። «ትምህርት እንዴት ነው?» ብለው ደብተር የገዙልን አሉ። ግን ከሦስታችን አንዷ አሥረኛ ክፍልን አልጨረሰችም። ያቋረጠችው በአንድ ሰኞ ምክንያት ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ የእሷ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ የፍራንኮ ልጅ፣ «የዚያን ጊዜው ደግነት የት ገባ» ስትል ትንሽ ሆዴ ተንቦጫቦጨ። ልጅ ከነበርክና ከላይ ከነበርክ ታች ምን እንደነበር አታውቅም።

የፍራንኮ ልጅ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 2:05

እህቴ፣ የጻፍሽውን አከብራለሁ፣ ስለ ጓደኛሽም አዝናለሁ። እኔ ግን ያወራሁት ስለ እናቶችና ልጆች ነው። አራት ልጅ ያዘለችና የያዘች ሴት ገንዘብ ሳይጠይቅ የሚያሳፍር ሰው ዛሬ የለም ነው ያልኩት። የእኔን እናት የተዳፈረ ሰው አላየሁም።

ሰኞ ጠዋት
እሑድ፣ ከጠዋቱ 2:20

አላየህም። እሺ። እናትህ በሕይወት ካሉ እኛን ከምትጠይቅ እሳቸውን ጠይቅ። «ስንት ከፈልሽ?» በላቸው። ጋሼ ኤንትሬ እንኳ «እናታችሁ ከሥር ጨርሳለች» ብለው ጠቁመውሃል።

ሐዲድ ሰፈር
እሑድ፣ ከረፋዱ 4:00

እኔን የገረመኝ ባቡሩን የሚያነሳ ሰው መጥፋቱ ነው። እኛ የምድር ባቡር ጣቢያ ልጆች መኪና አንለምንም፣ ባቡር እንሰርቃለን እንጂ! የድሬዳዋው ባቡር ከጣቢያው ሲነሳ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ስለሆነ ሮጠህ ትደርስበታለህ። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ከአንዱ ፉርጎ ወደ ሌላው፣ ሲያሳድድህ ዘለህ ትወርዳለህ። የኮንትሮባንድ እናቶች ጨርቁን እኛ ላይ ያለብሱናል፤ አንድ ልጅ አራት ሱሪ ለብሶ አዋሽን ያልፋል። ሒሳቡ? ከአራቱ አንዱ አሮጌ ሱሪ የራስህ ይሆናል። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት በእንደዚያ ያለ ሱሪ ነው።

አዲሱ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ ጣቢያውም ከከተማ ወጣ ብሏል። የእኛ ሰፈር አሮጌው ሐዲድ ላይ አሁን ፍየሎች ናቸው የሚያቋርጡት።

ቢኒ አባዱላ
እሑድ፣ ከረፋዱ 4:12

አራት ሱሪ 😂 በአዋሽ ሙቀት!

ገላፊ ደርሶ መልስ
እሑድ፣ ከሰዓት 7:30

እኔ አሁን በሥራ ላይ ያለሁ ሹፌር ነኝ፣ ተሳቢ ነው የምነዳው። ይህንን የምጽፈው ሚሌ ወረፋ ላይ ሆኜ ነው። «ደግነት የት ገባ» ለሚለው እኔ ልመልስ።

ከአዳማ ወጥቼ ጅቡቲ እስክደርስ መንገድ ዳር የሚለምነኝ ሰው አሁንም አለ። እናቶች ግን አይደሉም። ልጆች ናቸው፤ የአሥራ ስድስት፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች፣ ነጠላ ጫማ አድርገው፣ አንድ ሀይላንድ ውሃ ይዘው። በጅቡቲ አድርገው ባሕሩን ተሻግረው የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ ሊገቡ ነው። አንዱን ላሳፍር ብዬ ብይዘውና ኬላ ላይ ቢገኝ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰው አሻጋሪ ተብዬ ነው የምጠየቀው። «አዘንኩለት» ብል ማን ይሰማኛል? አባቴም ሹፌር ነበር፣ ሰው ጭኖ ሲገባ ምርቃት ነበር የሚያመጣው፤ እኔ ሰው ጭኜ ብገባ ክስ ነው የማመጣው። መኪናው ላይ ጂፒኤስ አለ፣ ያለ ቦታው አሥር ደቂቃ ብቆም ከቢሮ ይደወላል። የመንገዱን ፀጥታ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በሌሊት እጁን ያወጣ ሰው ሁሉ ተሳፋሪ አይደለም።

ከአዲስ አበባ አዳማ ደግሞ ፈጣን መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ማን ቆሞ ማንን ይለምናል? ግራና ቀኙ አጥር ነው። ድሮ ሞጆ ላይ፣ ደብረ ዘይት ላይ እያቆሙ፣ አንዱን አውርደው አንዱን እየጫኑ ነበር፤ አሁን ከቱሉ ዲምቱ ገብተህ ገንዘብህን ከፍለህ አዳማ ነው የምትወጣው።

ውሃ ግን እሰጣቸዋለሁ። ሳልቆም፣ ፍጥነት ቀንሼ በመስኮት። ይኼን ሁላችንም እናደርጋለን ማለት ይቻላል።

ጡረተኛው ኤንትሬ
እሑድ፣ ከሰዓት 8:02

በሰላም ግባ ልጄ። ሎግያ ስትደርስ ጎማህን እይ፤ የዚያ አስፋልት ሙቀት አሮጌ ጎማ አይምርም።

ስለት ገቢ
እሑድ፣ ከቀኑ 9:45

ቁልቢን ረሳችሁት እንዴ! በዓመት ሁለቴ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ የናዝሬት ምስራቅ መውጫ ራሱ መናኸሪያ ነበር። እናቴ ወንድሜን በስለት ነው ያገኘችው፤ «በእግሬ መጥቼ አስገባለሁ» ብላ ተስላ ነበር። አባቴ ሰባት ወር የሞላው ልጅ ይዘሽ እንዴት ትሄጃለሽ ብሎ ጠብ። በመጨረሻ ቄሱ ፈረዱ፦ የስለቱ እግር ከናዝሬት እስከ ወለንጪቲ ይሁን፣ የቀረውን መኪና ብትለምኚ ገብርኤል አይቀየምም አሉ። እንደዚያው አደረገች። የጫናቸው ሹፌር ገንዘብ እምቢ ብሎ «ለእኔ አንድ ጧፍ» ብሎ አውርዷቸዋል። ወንድሜ አሁን ሃምሳ ሊሞላው ነው፣ እናቴ ቁልቢ በሄደች ቁጥር የማታውቀውን ሹፌር ጧፍ ታበራለች።

ሴትዮዋ ሰኞ ጠዋት ያለችውንም እቀበላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ምን ይደረግ።

የአሰላ በር
እሑድ፣ ከቀኑ 10:20

አባ ጥሩ ዳኛ ነበሩ 😄

የፍራንኮ ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3:30

እናቴን ጠየቅኳት። ከቤተክርስቲያን መልስ ቡና አፍልታ ስለነበር ስልኬን አውጥቼ ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩላት። የጋሼ ኤንትሬን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች፣ የሰኞ ጠዋትን ስትሰማ «እውነቷን ነው» ብላ ዝም አለች። የእኔን ሳነብላትና «በነፃ» የምትለው ቦታ ስደርስ ግን ሲኒውን አስቀመጠችው።

«ማን ነው በነፃ የወሰደህ?» አለችኝ።

እነዚያ ገመዱ ላይ የነበሩት ቱታዎች የሹፌሮቹ ነበሩ። ይሄን አውቅ ነበር፣ ግን አላውቅም ነበር። ከቤታችን ጀርባ ያሉት አልጋ ቤቶች ውስጥ የሚያድሩ የአሰብ መስመር ሹፌሮችና ረዳቶች ልብሳቸውን ለእሷ ትተው ይወርዳሉ፣ ሲመለሱ ንጹሑን ይወስዳሉ። ከሌላው ደንበኛ በቁራጭ ስትቀበል ከእነሱ ከሰባቱ አትቀበልም። «መንገድ ላይ ታወራርዳላችሁ» ትላቸዋለች። ዓመቱን ሙሉ አጥባ ፋሲካ ሲደርስ በልጅ ትቀበላለች ማለት ነው። ለካ በሌሊት በድምፁ ብቻ «ይሄ ሊወጣ ነው፣ ያኛው ገና ነው» የምትለው የእያንዳንዱን ሰው መኪና ስለምታውቀው ነው። እኔ ጆሮዋን ሳደንቅ ኖርኩ። መንገድ ዳር ቆመን የምንጠብቀውም ያገኘነውን መኪና ሳይሆን ከሰባቱ አንዱን ነበር፤ ያሳለፈችውን መኪና ብዛት አሁን ነው ያስታወስኩት። እንቢ ብለውን ያለፉ ይመስለኝ ነበር።

«አዋሽ ላይስ? ከዚያ ወዲያ ያሉት እኮ አያውቁሽም» አልኳት።

«አዋሽማ ማንም አያውቀኝም» አለች። ለዚያኛው መንገድ ገንዘብ ትቋጥር ነበር፤ የሴት ሒሳብ፣ የልጅ ሒሳብ እየተባለ ትደራደራለች፣ እኛ ዳቦ ስንበላ። ገንዘቡ ካልበቃ በረንዳው ላይ ማደር ነው፣ ጠዋት የሚራራ እስኪመጣ። እኛ እርስ በርሳችን ተደጋግፈን እንተኛለን፣ እሷ አትተኛም። ታኮው ለዚያ ነበር። ጭኗ ላይ ነበር የሚያድረው። ለሚኤሶ ዳገት ያስጠረበችው አልነበረም።

«ተጠቅመሽበት ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ቡናህን ጠጣ» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት፣ ይቅርታ እህቴ።

ሰኞ ጠዋት
እሑድ፣ ከምሽቱ 3:44

ኧረ ምንም አይደል። እናትህን ሳሚልኝ ልልህ ነበር፣ አንተ ወንድ ነህ ለካ፤ ሳምልኝ። መዳፏንም እይልኝ።

ጡረተኛው ኤንትሬ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4:15

ፍራንኮ፣ ከአልጋ ቤቶቹ ጀርባ፣ ግቢው ውስጥ የግራር ዛፍ የነበረበት ቤት? እኔ ደንበኛ አልነበርኩም፣ የእኔ አጣቢ መናኸሪያው ጋ ነበረች፤ ረዳቴ ግን እዚያ ይወስድ ነበር መሰለኝ። አንድ ነገር ጠይቅልኝ፦ ሳሙናው በማን ነበር? ያን ጊዜ ሳሙና ከኅብረት ሱቅ በኩፖን ነው የሚገኘው፣ እንደ ወርቅ ነበር። እኛ ሳሙና ከአሰብ ይዘን መጥተን ከሰጠን ግማሽ ሒሳብ ይታሰብልን ነበር። በራሷ ሳሙና ካጠበች ሰባቱም እስካሁን ዕዳ አለባቸው።

የፍራንኮ ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4:22

ግራር አልነበረም፣ የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ነው ጋሼ። ሳሙናውን ነገ እጠይቃታለሁ፣ አሁን ተኝታለች።